ሞተሪኖው ተቀይሮም አልዞር ያለ መኪና

አዲስ ሞተሪኖ ገጥመው፣ ባትሪውን መልሰው አስረው ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናው ጭጭ ቢል፣ ወይም አንዴ ቀጭ ብሎ ቢቀር፣ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «የሸጡልኝ ዕቃ የተበላሸ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ዕቃ መግዛት ነው፤ ባትሪ፣ ካልሆነ ሪሌ፣ ካልሆነም ሌላ ሞተሪኖ። ገንዘቡ ያልቃል፣ መኪናው ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። እዚህ የምጽፈው ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት በአንድ ርካሽ ቴስተር 12ቱ ቮልት ከባትሪው ተነሥቶ የት ላይ እንደቀረ የሚፈለግበትን መንገድ ነው።

ለዴንቨርና ለአውሮራ ሐበሻ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በፔንያ ቡልቫርድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለሥራ የሚነዳው፣ ማታ ከሆስፒታል ፈረቃ የምትመለሰው፣ ኡበርና ታክሲ የሚሠራው ሁሉ እንጀራው መኪናው ላይ ነው። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከብዙ አገር የመጡ አሽከርካሪዎች በ2009 ዩኒየን ታክሲ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ ያስጀመሩትም በዚሁ ከተማ ነው። መኪና ሲቆም የዕለት ገቢ ይቆማል፤ በጥድፊያ ዕቃ የሚቀየረውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ ነዳጅ፣ ካንዴላ ወይም ሴንሰር ነውና ይህ ጽሑፍ ለዚያ አይረዳም። የምንነጋገረው ጭራሽ ስለማይዞር ሞተር ነው። ብዙ አሽከርካሪዎቻችን የሚነዱት ፕሪየስ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ሞተሩን የሚያዞረው የሃይብሪዱ የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ፕሪየስዎ «ሬዲ» የሚለውን መብራት ካላበራ ቀድማ የምትጠረጠረው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት፤ በእሱ ላይ ሞተሪኖ እንቀይር የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይስማሙ። ከፍታውም ምክንያት አይደለም። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ የሳሳው አየር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞተሪኖ አይነካም። ከዴንቨር ከ700 ሜትር በላይ ከፍ በምትለው አዲስ አበባም መኪና በየማለዳው ይነሳል።

ሁለቱ መንገዶች

ወደ ሞተሪኖው የሚሄዱ ሁለት የኤሌክትሪክ መንገዶች አሉ። አንደኛው ወፍራሙ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በጣት የሚያህል ገመድ ተነሥቶ በሞተሪኖው ጀርባ ባለው ትልቅ ብሎን ላይ ያርፋል፤ ይህን ብሎን ቢ ወይም 30 ቁጥር ይሉታል። ሞተሩ ሲዞር በዚህ መንገድ ከ100 አምፔር በላይ ያልፋል። የሄደው ደግሞ መመለስ አለበት። መመለሻው የሞተሪኖው ገላ፣ ቀጥሎ የሞተሩ ብረት፣ ከዚያ የማሳ ገመዱ፣ በመጨረሻም የባትሪው ኔጋቲቭ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀጭን ነው። ከቁልፉ ተነሥቶ በፊውዝ፣ በሪሌ፣ ማርሹ ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ መሆኑን በሚያረጋግጠው ስዊች በኩል አልፎ ሞተሪኖው ላይ ካለችው ትንሽ ሶኬት ይደርሳል፤ እሷን ኤስ ወይም 50 ቁጥር ይሏታል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲደርስ ከሞተሪኖው ጋር የተያያዘው ሶሌኖይድ ሁለት ነገር ያደርጋል። ትንሿን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ ውስጡ ያሉትን የመዳብ ኮንታክቶች ገጥሞም በቢ ብሎን ላይ የሚጠብቀውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው ሆድ ያስገባል። ከመኪናው ሥር የምትሰማው ጠንከር ያለች ቀጭታ የሶሌኖይዱ ናት። ከፊውዝ ሳጥኑ የምትሰማው ቀጠን ያለችው የሪሌው ናት። ሁለቱን መለየት ከቻሉ ገና ቴስተር ሳያወጡ ግማሹን ያውቃሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

ማርሹ ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ ጎማው በድጋፍ የታገደ ይሁን። መኪናውን ከፍ ካደረጉት በመቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ ጎማ መቀየሪያ ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ለአፍታም አይግቡ። በአውሮራ የሐምሌ ፀሐይ የለሰለሰ አስፋልት የመቆሚያውን እግር ስለሚውጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ያድርጉ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። ገመድ ከመፍታትዎ በፊት ሁልጊዜ የባትሪውን ኔጋቲቭ ቀድመው ያውጡ፣ ሲመልሱም እሱን መጨረሻ ያስሩ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ፤ የሞተሪኖውን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ አገናኝቶ መኪና ማስነሳት የቆየ ልማድ ነው፣ ይቅርብዎ። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና በዚህ መንገድ ተነሥቶ ሥሩ ያለውን ሰው ይሄድበታል።

ዴንቨር ውስጥ በጎዳና ላይ የቆመ መኪና ከ72 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ መቆየት እንደማይፈቀድለትም ያስታውሱ፤ ምርመራውን ለሚቀጥለው ሳምንት አያሳድሩት።

ደረጃ 1፦ ድምፁና መብራቱ

ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልዎ። እርስዎ የፊት መብራቱን አብርተው ከመኪናው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ይቁሙ።

መብራቱም ዳሽቦርዱም ጭልም ካሉ ኃይሉ ከባትሪው አልወጣም፤ የባትሪው ራስ ማሰሪያ ወይም ዋናው ፊውዝ ነው። መብራቱ ደምቆ እንዳለ ሞተሪኖው ምንም ድምፅ ካላሰማ ትእዛዙ አልደረሰም፤ ወደ ቀጭኑ መንገድ ይሂዱ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። አንዴ ቀጭ ብሎ መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ትልቅ ኃይል እየተጠጣ ነው፤ ባትሪው ደካማ ነው፣ አለዚያም አንድ ነገር ተነክሶ ይዟል። አንዴ ቀጭ ብሎ መብራቱ ምንም ካልተነካ ግን ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው ሆድ አልገባም፤ ገመድ፣ ማሳ ወይም የሶሌኖይዱ ኮንታክት ይጠርጠር። ሞተሪኖው ብቻውን ፉርርር ብሎ ሞተሩን ካላዞረ ጥርሱ ከቮላኖው አልተገናኘም። ያኔ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ባትሪው፣ አዲስ ቢሆንም

«ባትሪው ባለፈው ዓመት የተገዛ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። አሮጌው ሞተሪኖ እየሞተ ሳለ ስንት ጊዜ ተሞከረ? ጥገናው እስኪያልቅስ በሩ ተከፍቶ የውስጥ መብራቱ ስንት ሰዓት በራ? ብዙ ጊዜ አዲሱ ሞተሪኖ ተገጥሞ ሲያልቅ ባትሪው አልቆ ይገኛል።

ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው ጫፎቹን በቀጥታ በባትሪው እርሳስ ራሶች ላይ ያስነኩ። ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ ብዙም ካልቆየ የላይ ላዩ ቮልት ያታልላልና መጀመሪያ የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ አብርተው ያጥፉ። 12.6 ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፤ 12.2 ግማሽ፤ 12.0 እና ከዚያ በታች ባዶ ለመሆን የቀረበ። ከ12.4 በታች ከሆነ ቀሪውን ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት ቻርጅ ያድርጉት፤ በደካማ ባትሪ የተለካ ነገር ሁሉ ያሳስታል።

ቀጥሎ ቁልፉ እየዞረ ይለኩ። በመጠነኛ ሙቀት ሞተሩ ሲዞር ጤነኛ ባትሪ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ምልክት አለ። ቁልፉ ዞሮ ቁጥሩ 12.6 ላይ ካልተነቃነቀ ባትሪውን የሚጠይቀው የለም፣ መንገዱ ተቆርጧል። ወደ 8 ወይም 7 ከወደቀ ጥያቄው ደርሶታል፣ የመስጠት አቅም ነው ያጣው፤ ወይም የተጠየቀው ከልክ በላይ ነው። ይህን ቁጥር ይጻፉት፤ ወደፊት ያስፈልግዎታል።

ብርዱን አይርሱ። ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከጉልበቱ የሚሰጠው 40 በመቶ ያህሉን ነው፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ በዚያው ሰዓት ወፍሮ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በዲሴምበር 22 ቀን 2022 ማለዳ ዴንቨር ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳ ነበር። ባትሪውን ቀስ በቀስ የሚገድለው ግን የበጋው ሙቀት ነው፤ ክረምቱ የሞተውን ያሳያል። ያለቀ ባትሪ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ውስጡ በረዶ ይሆናል፤ ሆዱ ያበጠ ወይም በረዶ የታየበትን ባትሪ ጃምፕ አያድርጉ፣ ይፈነዳል።

አሁን አንዱን የቴስተር ጫፍ እርሳሱ ራስ ላይ፣ ሌላውን እሱን በያዘው ማሰሪያ ላይ አድርገው ቁልፉ ሲዞር ይለኩ። ከዜሮ ብዙም መራቅ የለበትም። ግማሽ ቮልት ካሳየ ችግርዎን አግኝተዋል፤ ማሰሪያውን ፈትተው ነጩን ዝገት በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጥበው፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትገው ይሰሩት። በእጅ ሲወዘወዝ ትንሽ እንኳ የሚዞር ማሰሪያ አልታሰረም።

ደረጃ 3፦ እጅዎ የነካውን ሁሉ መልሰው ይዩ

መኪናው ከጥገናው በፊት ይዞር ከነበረና አሁን ካልዞረ፣ በጣም ሊሆን የሚችለው በጥገናው ጊዜ የተፈታ ነገር በቦታው አለመመለሱ ነው። ባትሪውን ፈትተው በባትሪ መብራት ይመልከቱ።

ትንሿ የኤስ ሶኬት እስከ መጨረሻው ገብታለች? ፕላስቲኳ በዕድሜና በብርድ ስለሚደርቅ መያዣዋ ተሰብሮ የገባች መስላ ትንጠለጠላለች። በትልቁ የቢ ብሎን ላይ ስንት ገመድ ነበር? በአንዳንድ መኪናዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሥር ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ትልቁ ገመድ የታሰረው በቢ ላይ ነው ወይስ ከአጠገቡ ባለው፣ ኤም በሚባለውና ወደ ሞተሪኖው ሆድ በሚገባው ብሎን ላይ? በኤም ላይ ከታሰረ ባትሪው እንደተገናኘ ሞተሪኖው ያለ ቁልፍ ብቻውን ይዞራል፣ ጥርሱን ግን አያወጣም። ሞተሪኖውን ከያዙት ረጃጅም ብሎኖች በአንዱ ላይ የማሳ ገመድ ታስሮ ነበር? ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የታደሰ ሞተሪኖ ደግሞ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ፊቱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል። የኃይሉ መመለሻ ያ ፊት ስለሆነ ቀለሙንና ዝገቱን ይፈትጉት።

ባትሪው ሳይፈታ ቁልፍ ወይም ኪያቤ ብረት ነክቶ እሳት ካፈለቀ፣ ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በባትሪው ፖዘቲቭ ማሰሪያ ላይ ወይም በኮፈኑ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ያለውን ትልቁን ፊውዝ በዓይን ብቻ አይመኑት፤ ባትሪውን መልሰው ካሰሩ በኋላ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ 12 ቮልት መኖሩን ይለኩ።

ደረጃ 4፦ ትእዛዙ ደርሷል ወይ?

ምርመራው ለሁለት የሚከፈልበት ነጥብ ይህ ነው። ባትሪውን መልሰው አስረው ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን በኤስ ሶኬት ሽቦ ላይ፣ ሶኬቷ እንደተሰካች ከጀርባዋ ያስነኩ። ረዳትዎ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ ይያዝ። ከመኪናው ሥር ሆነው የሚለኩ ከሆነ መኪናው በመቆሚያ ላይ፣ ማርሹም ፓርክ ላይ መሆኑን እንደገና ያረጋግጡ፤ እጅዎንና ልብስዎን ከቀበቶዎችና ከፋን ያርቁ፣ ሞተሩ በድንገት ሊነሳ ይችላልና።

ከ10.5 ቮልት በላይ ካነበቡ ትእዛዙ ደርሷል፤ ቁልፉ፣ ሪሌው፣ የማርሽ ስዊቹ ሁሉ ነጻ ናቸው፣ ለእነሱ አንድ ሳንቲም አያውጡ። ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ። ዜሮ ካነበቡ ደረጃ 5ን ዘለው ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ። 7 ወይም 8 ካነበቡ ትእዛዙ በመንገድ ላይ ደክሟል፤ ያረጀ ቁልፍ ወይም የተቃጠለ የሪሌ ኮንታክት ነው፣ እሱም በደረጃ 6 ይገኛል።

ደረጃ 5፦ በወፍራሙ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት

ሰው በብዛት የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ቴስተሩን በቢ ብሎን ላይ አድርጎ 12.6 ያነብና «ገመዱ ደህና ነው» ይላል። ቴስተር ግን ምንም ያህል ኃይል አይጠጣም። ገመዱ በዝገት ተበልቶ አንዲት የመዳብ ክር ብቻ ብትቀረው ያቺ ክር 12.6 ቮልትን ለቴስተሩ አሳምራ ታደርሳለች። ከ100 በላይ አምፔር ሲጠየቅባት ነው የምትወድቀው። አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የተዘጋ ቧንቧ ግፊቱ ሙሉ ይመስላል፣ ሲከፍቱት ግን ጠብ ጠብ ይላል።

በቁጥር እንየው። 150 አምፔር በሚያልፍበት ገመድ ላይ የ0.02 ኦም መታፈን ቢኖር 150 በ0.02 ሲባዛ 3 ቮልት ይሆናል። ሦስት ቮልት በመንገድ ቀረ ማለት ነው። ባትሪው ራሱ በጭነት ወደ 10.5 ወርዶ ከነበረ ለሞተሪኖው 7.5 ብቻ ይደርሰዋል፣ በዚያም አይዞርም። ይህን 0.02 ኦም ደግሞ የተለመደው ቴስተር በኦም መለኪያው በትክክል አያየውም። ስለዚህ ቁልፉ ዞሮ ኃይል እየሄደ፣ ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ የጠፋውን ቮልት እንለካለን።

መጀመሪያ የሄደውን። ቀዩ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ጥቁሩ በሞተሪኖው የቢ ብሎን ላይ ይሁን፤ ማሰሪያው ወይም ዳዶው ላይ ሳይሆን ብሎኑ ራሱ ላይ። ቁልፉ ሲዞር ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ የተመለሰውን። ቀዩ ጫፍ በሞተሪኖው ገላ ላይ፣ ቀለም በሌለበት ብረት፤ ጥቁሩ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ። እዚህ ከ0.3 ካለፈ ማሳው ታሟል። በመጨረሻ ቀዩ በቢ፣ ጥቁሩ በኤም ብሎን ላይ ሆኖ የሶሌኖይዱን ኮንታክት ይለኩ፤ እሱም ከ0.3 መብለጥ የለበትም። ኤስ ላይ ትእዛዙ ሞልቶ ሳለ በቢና በኤም መካከል 12 ቮልት ካዩ፣ ኮንታክቱ አልገጠመም፤ አዲሱ ሞተሪኖ በእርግጥም ብልሹ ነው፣ ይመልሱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በደረጃ 2 የጻፉት የባትሪ ቁጥር ቁልፉ ሲዞር ካልተነቃነቀ ኃይል እየሄደ አይደለምና በገመዱ ላይ የሚያነቡት ዜሮ ገመዱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ ዓይንዎ ትልቁ ቁጥር በሚታይበት ቦታ ላይ ይሁን፤ 12 ቮልቱ የታየበት መጋጠሚያ የተቆረጠው እሱ ነው።

በዚህ አካባቢ እኔ ሁልጊዜ የምጠረጥረው ማሳውን ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር በኮሎራዶ መንገዶች ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ እርጥበት የሚስብ ጨው ነው። ከጎማ ተረጭቶ ከሥር ባሉት ማሰሪያዎች ላይ ይቀራል፣ በገመዱ የጎማ ሽፋን ሥር ገብቶም መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። የማሳ ገመድ የሚታሰረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ታች፣ ከካምቢዮው ወይም ከሻሲው ላይ ነው። ከላይ ደህና የሚመስለውን ገመድ በሁለት ጣት ሲጫኑት እንደ ጠጠር ከተሰማ ውስጡ ዝጓል።

ቴስተር በእጅዎ ከሌለ ማሳውን በጃምፐር ገመድ መፈተን ይቻላል። ጥቁሩን የጃምፐር ገመድ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ቀለም በሌለበት የሞተር ብረት ላይ ያስሩ፤ ከሚዞር ነገር አርቀው። ቁልፉን ያዙሩ። ሞተሩ ከዞረ ገዝተው የሚቀይሩት ዋጋው ትንሽ የሆነ የማሳ ገመድ ነው።

ደረጃ 6፦ በኤስ ላይ ምንም ካልመጣ

ከቀላሉ ይጀምሩ። ፍሬኑን ረግጠው ማርሹን ወደ ኒውትራል አምጥተው ይሞክሩ። በኒውትራል ከዞረ፣ የማርሹ ስዊች ከቦታው ተንሸራቷል ወይም አርጅቷል። ፍሪሲዮን ያለው መኪና ከሆነ ከፔዳሉ በላይ ያለችውን ስዊች ይዩ። በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ የሚነሳ ከሆነ ከኋላ ሰው ቆሞ ፍሬን ሲረገጥ መብራቱ መብራቱን ይንገርዎ፤ የፍሬን መብራት ካልበራ ኮምፒውተሩ ፍሬን መረገጡን አያውቅም፣ አያስነሳምም። የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ከሆነም ሪሞቱን ራሱን ከመጫኛው ጋር አስጠግተው ይሞክሩ።

ቀጥሎ ሪሌው። በሳጥኑ ክዳን ላይ ካለው ሥዕል የሞተሪኖውን ሪሌ አግኝተው፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ከጥሩምባው ሪሌ ጋር ያቀያይሯቸው። ሞተሩ ከዞረ ተገኘ። ካልሆነ ሪሌውን ነቅለው ሶኬቱ ላይ ይለኩ። 30 ቁጥር ላይ ሁልጊዜ 12 ቮልት መኖር አለበት፤ ከሌለ ፊውዙ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከ85 እና ከ86 በአንዱ 12 ቮልት፣ በሌላው ማሳ መምጣት አለበት። ቮልቱ ካልመጣ ቁልፉ ራሱ፣ የማርሽ ስዊቹ ወይም የሌባ መከላከያው ከለከለ። ሁሉም መጥቶ ኤስ ላይ ካልደረሰ ከ87 እስከ ሞተሪኖው ያለው ሽቦ ተቆርጧል።

የሌባ መከላከያውን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። በ2022 ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ፣ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር፣ ብዙ መኪና የተሰረቀባት ኮሎራዶ ነበረች፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አላርምና የተደበቀ ማጥፊያ አስገጥሟል። በክረምትም ቁልፉ ላይ እንዳለ ሞተር አስነሥቶ ያለ ሰው መተው በግዛቲቱ ሕግ የተከለከለ፣ በሪሞት ማስነሳት ግን የተፈቀደ በመሆኑ የሪሞት ማስነሻ ያስገጠሙም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ዕቃዎች የሚገጠሙት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የትእዛዝ ሽቦ ቆርጦ መሐሉ በመግባት ነው። ባትሪ ተፈትቶ ሲመለስ አንዳንዱ አላርም ራሱን ቆልፎ ይነሳል። የሾፌሩን በር በቁልፍ ከፍተው፣ ወይም በሪሞቱ ቆልፈው ከፍተው ይሞክሩ። መኪናውን ያገለገለ ገዝተው ከሆነ ከመሪው ሥር ፋብሪካ ያልሠራው፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ መኖሩን ይዩ። ቁልፍ ወይም መኪና ያለው የዳሽቦርድ ምልክት ቁልፉ በርቶ ሳለ ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሁለተኛ ቁልፍ ካለዎ በእሱ ይሞክሩ።

ደረጃ 7፦ ሞተሩን በእጅ ማዞር

ኤስ ሞልቶ፣ ገመዱም ማሳውም ነጻ ሆነው፣ ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ባትሪውን ወደ ታች የሚጎትት ከሆነ አንድ ነገር ተነክሷል። ባትሪውን ፈትተው በሞተሩ ፊት ያለውን የዋናውን ፑሊ ብሎን በረጅም እጀታ ያዙሩ፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ወደ ቀኝ ነው፣ በቀድሞዎቹ ሆንዳዎች ወደ ግራ። ሁለት ሙሉ ዙር ይሂድልዎ። ማርሹ የእጅ ከሆነ ኒውትራል ላይ ይሁን።

እምቢ ካለ ሞተሪኖውን አውጥተው እንደገና ይሞክሩ። አሁን ከዞረ የያዘው ሞተሪኖው ነው፤ ጥርሱ ከቮላኖው ጋር ተቆላልፏል፣ ወይም ተጣሞ ተገጥሟል። አሁንም እምቢ ካለ ቀበቶውን ያውጡ፤ የደረቀ ዲናሞ ወይም የኤሲ ኮምፕረሰር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተው ይሞክሩ፤ በቀዳዳው ውሃ ወይም ነዳጅ ከወጣ ሲሊንደሩ ሞልቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልዞረ ሞተሩ ተነክሷል፣ አሮጌውን ሞተሪኖም የገደለው እሱ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለሌላ ሞተሪኖ የሚወጣ ገንዘብ ይቁም፤ ወደ ጋራዥ ይወሰድ።

ደረጃ 8፦ አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን

አሮጌውን ሞተሪኖ መኪናው እስኪነሳ ድረስ አይመልሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የትንሿን ጥርስ ቁጥር ይቁጠሩ፤ የአፍንጫውን ርዝመትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ያስተያዩ። ለአንዳንድ ሞዴሎች የእጅ ማርሽና የአውቶማቲክ ሞተሪኖ ይለያያል፣ በሳጥን ላይ ግን ይመሳሰላል። በሞተሪኖው ቀዳዳ በኩል በባትሪ መብራት ቮላኖውን እያዞሩ ይዩት፤ በአንድ በኩል የተበላ ጥርስ ካለ አዲስ ሞተሪኖም ያንሸራትታል።

እንደ አውቶዞንና ኦራይሊ ያሉ የዕቃ መደብሮች ሞተሪኖና ባትሪ በነጻ ይፈትሻሉ። ከደረሰኝዎ ጋር ይውሰዱት፣ አከታትለውም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲሞክሩት ይጠይቁ። ያ ፈተና ያለ ጭነት ስለሆነ «አላለፈም» ካሉ ይመኑት፤ «አልፏል» ካሉ ግን የእርስዎን ቁጥሮች ያስቀድሙ።

ጋራዥ መሄድ ካለብዎ «አይነሳም» ብለው ብቻ አይስጡት። «ባትሪው 12.6 ነው፣ ቁልፍ ሲዞር 12.5 ላይ ይቆያል፣ ኤስ ላይ 11 ይመጣል፣ በቢና በኤም መካከል 12 አለ» ብለው ጽፈው ይስጡት። የሚሠራልዎ ሰው የመፈለጊያ ሰዓት አያስከፍልዎትም፤ ያልተበላሸ ዕቃ ልቀይር ለማለትም ይቸግረዋል።

መኪናው ሲነሳ

ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ይለኩ፤ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ካልሆነ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፣ ነገ ጧት እዚያው ይገኛሉ። ሃያ ደቂቃ ነድተው ሞተሩ ሲሞቅ አጥፍተው እንደገና ያስነሱ፤ ሲቀዘቅዝ የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚከዳ ግንኙነት አለና። የሞተሪኖውን ብሎኖችም ያን ጊዜ አንዴ ጠበቅ ያድርጉ።

ባትሪ ሲፈታ የኮምፒውተሩ የምርመራ መዝገብ ይደመሰሳል። የኤር ኬር ኮሎራዶ የጭስ ምርመራ ቀጠሮዎ ቅርብ ከሆነ ጥቂት ቀን በከተማም በፍሪዌይም ነድተው ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ከዚያ አሮጌውን ሞተሪኖ አጽድተው በአዲሱ ሳጥን ውስጥ ያስገቡትና ከደረሰኙ ጋር ወደ መደብሩ ይውሰዱት፤ ሲገዙ በኮር ስም ያስያዙት ገንዘብ ይመለስልዎታል።